ክሩ ወደ መንደሩ ሲያዘነብል

ከሐይቁ ዳር እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ ኪፕሪያንን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ጺሙ እስከ ሆዱ፣ ድምፁ እስከ ማዶ አገር ይደርሳል። ሽንኩርት ሰውን ያስለቅሳል ይባላል፤ ኪፕሪያን ግን ሽንኩርቱን ራሱን ያስለቅሰዋል፤ እንደዚያ ያለ ገበሬ ነው። የዓሣውን ነገር ደግሞ ተዉት። በዚህ ሐይቅ ላይ ከእኔ ጋር የሚስተካከል አጥማጅ ጥራ ከተባልኩ እሱን ነው የምጠራው፤ ሌላ ሰው የለኝም። እሱንም ቢሆን በጥቂቱ እበልጠዋለሁ፤ ግን የዛሬው ወሬ የእኔ አይደለም።

ነገሩ የሆነው በብሥራት ዋዜማ ነው። እኛ አባቶቻችን ከማዶ አገር ተሰደው የመጡት፣ የአሮጌው ሃይማኖት ሰዎች በሁዳዴ ዓሣ አንቀምስም፤ የሚፈቀድልን በብሥራትና በሆሳዕና ብቻ ነው። በዓሉን ደግሞ የምንቆጥረው በአሮጌው አቆጣጠር ስለሆነ ከመንግሥት አስራ ሦስት ቀን ወደ ኋላ እንቀራለን። ብሥራት የሚደርሰው እንግዲህ ሐይቁ ላይ ያለው በረዶ መበስበስ ሲጀምር ነው። አባቶቻችን በዚያ በበሰበሰ በረዶ ላይ እየሄዱ ለጸሎት ቤቱ ማዕድ ዓሣ ያመጡ ነበር። አንዳንዶቹ መጡ፤ አንዳንዶቹ አልመጡም። ስማቸው በጸሎት ይነሳል።

ያን ዓመት እሑድ ጸሎት ሲያልቅ፣ የማዕዱን ነገር የምታስተዳድረው ኤቭላምፒያ ሻርፗን እያሰረች፣ «ዘንድሮ ከሱቅ የቀዘቀዘ ዓሣ እናምጣ። በረዶው ጠቁሯል፤ ሰው እንዳንቀብር» አለች።

ኪፕሪያን እንደተሰደበ ሰው ዞረ። «ከሱቅ? በብሥራት? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«በሕይወት እንድትቆይ ብዬ ነዋ!»

«አርባ አንድ ዓመት ይህ ማዕድ ያለ እኔ ዓሣ ውሎ አያውቅም። ሐይቁ ያውቀኛል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ይልቅ ሊጡን አዘጋጂ!»

ሰው ሁሉ ሰማ። ኪፕሪያን ደግሞ የተናገረውን አፉ ውስጥ መልሶ የሚያስገባ ሰው አይደለም። ቢፈልግም ጺሙ አያሳልፈውም።

ብቻውን ግን መውጣት አይችልም። በጸደይ በረዶ ላይ ብቻውን የሚወጣ ሰው ወይ ሰካራም ነው ወይ ባለዕዳ። ጓደኛው ኤልማር ነው። ኤልማር ኤስቶኒያዊ ነው፣ ሉተራን፤ ገና የኅብረት ሥራው ጀልባ በነበረበት ዘመን አንድ መረብ ሲጎትቱ ተዋወቁ። የመጀመሪያ ቀን ተጣሉ፣ በሁለተኛው ቀን አብረው ሰከሩ፣ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ይህ ከመሆኑ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ግን ኤልማርን የሳንባ በሽታ ጥሎት ነበር። ስድስት ሳምንት ተኝቶ ተነሣ፤ ከተነሣ በኋላ ግን ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

በዋዜማው ጎህ ሲቀድ ኪፕሪያን ሄዶ የኤልማርን በር አንኳኳ። የከፈተችው የኤልማር ሚስት ሳልሜ ናት። እጇ ላይ የባሏ የሱፍ ሹራብ ነበር፤ አንዱን ለብሷል፣ ሁለተኛውን ልትደርብለት ነው።

«ዛሬ ይዘኸው ትወጣለህ ማለት ነው» አለችው።

«አንቺ ከፈቀድሽ።»

«እኔ አልፈቀድኩም። እሱ ነው የፈቀደው፤ እሱ ደግሞ አንተ ና ካልከው ገሃነምም ይሄዳል።»

«ገሃነም ውስጥ በረዶ የለም» አለ ኤልማር ከውስጥ፣ ቦቲውን እየጎተተ። «ዓሣ ስለማይገኝ አልሄድም።»

ሳልሜ አልሳቀችም። ወደ ኪፕሪያን ቀረብ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ አንድ ጊዜ ውሃ ከነካው አለቀለት ብሎኛል። ሰማኸኝ? ደረቅ ወስደህ ደረቅ መልስልኝ። ከእኩለ ቀን በፊት።»

«በጺሜ!»

«ጺምህን አልፈልግም። ባሌን ነው የምፈልገው።»

«ኧረ ሴትዮ፣ እኔ የዱቄት ጆንያ ነኝ እንዴ?» አለ ኤልማር።

«ዱቄትማ ብትሆን በደህና ቦታ አስቀምጥህ ነበር» አለችና ሁለተኛውን ሹራብ በጭንቅላቱ ላይ አወረደችበት።

ዳር ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ በምድሩና በበረዶው መካከል ውሃ ተኝቷል፤ ስፋቱ ሁለት ክንድ የሚሆን። ኪፕሪያን ሁለት ረጃጅም ሳንቃ ጣለበትና የዓሣ ሳጥን የተጫነባትን ትንሽ የበረዶ ጋሪ እየጎተቱ ተሻገሩ። የኤልማር ውሻ ሳንቃው ጫፍ ላይ ደርሶ ቁጭ አለ። ጠሩት፣ አልመጣም። ጆሮውን አጥፎ ሐይቁን ያያል።

«ሉተራን ነው» አለ ኤልማር፤ «ዛሬ በዓል የለውም።»

«ፈሪ ነው በለኝ እንጂ።»

እንስሳ ያውቃል የሚሉ አሉ። አጎቴ ሴቫስቲያን አንድ ፈረስ ነበረው፤ በዚህ በኩል ዕንጨት ጭኖ በረዶውን ሲሻገር መሐል ላይ ቆመ፣ አልንቀሳቀስ አለ። አጎቴ ለፈረሱ ጅራፍ አሳየው። ፈረሱ ልጓሙን በጥሶ ወደ ዳር ሮጠ። ጋሪው እስከ ዛሬ እዚያ ታች ነው፤ አጎቴን በገመድ አወጣነው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፣ ያኔ ክንዴ እንደ ግንድ ነበር። ፈረሱ ከዚያ በኋላ አስር ዓመት ኖረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ፈረሱን አንቱ ይለው ነበር።

ኪፕሪያን ፊት ፊት እየሄደ በዲጅኖው በረዶውን ይመታል። አንድ ምት፣ ሦስት እርምጃ። በሌሊት ብርድ ስለነበር ላይ ላዩ ጠንክሯል፤ ዲጅኖው ግን የሚያሰማው ድምፅ አላማረውም። በጥር በረዶው ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ራሱም ያጉረመርማል፣ ይተኩሳል፣ አዲስ ሰው ያስደነግጣል። ያን ቀን ግን እንደ ረጠበ ዳቦ ነበር። ዝም። በረዶ ሲያጉረመርም አትፍራው፤ ዝም ሲልህ ነው የምትፈራው። ይህን ኪፕሪያን ከማንም በላይ ያውቃል። እንዳልሰማ ሆኖ ሄደ።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ገብተው ከታች ድንጋይ ያለበት ቦታ ደረሱ። እዚያ ነው ኦኩን የሚሰበሰበው፤ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ ክንፉ እንደ ፍም የቀላ፣ ጀርባው እሾህ የሆነ ዓሣ። ኪፕሪያን መሰርሰሪያውን አንስቶ በረዶው ላይ የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ ሐይቅ የመጀመሪያዋን ቀዳዳ የከፈተ ሰው የዕለቱ አለቃ ነው። እሱ ሳይነሣ ሌላው አይነሣም፤ እሱ እንሂድ ሳይል እንሂድ የሚል የለም። እንሂድ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ነው። ድሮ አስራ አምስትና ሃያ ሆነን ስንወጣ ይህ ሕግ ብዙ ሰው አድኗል፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እንዳይበተን። ከእኛ ኤስቶኒያውያኑም ተማሩት። ኤልማር ደግሞ ከእኛ በላይ ያጠብቀዋል።

ተቀመጡ። መንጠቆ አወረዱ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ምንም።

«ዓሣው የናንተን አቆጣጠር አላነበበም» አለ ኤልማር።

«ጾም ላይ ነው፤ ከአንተ ይሻላል።»

«እኔማ ጠዋት ሥጋ በልቻለሁ። ልንገርህ እንዴት እንደነበረ? ከዳር ከዳሩ ቀላ ብሎ...»

«ዝም በል አንተ ሰይጣን!» ኪፕሪያን ከልቡ ሳቀ። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳ፤ ለራሱ በራሱ ጽዋ፣ ለኤልማር በኤልማር ጽዋ። ከሃይማኖታችን ውጪ ካለ ሰው ጋር በአንድ ዕቃ አንጠጣም። ኤልማር አርባ ዓመት ሙሉ የራሱን ጣሳ ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ አንድ ቀን አልተቀየመም፤ አንድ ቀንም ሳይቀልድበት አልቀረም። «የእኔ ጣሳ ከአንተ ይልቅ ንጹሕ ነው» ይላል፤ «ሳልሜ ነዋ የምታጥበው።»

ፀሐይ ብቅ አለች፣ ወዲያው ደመና ሸፈናት። ነፋሱ ከደቡብ ሞቅ ብሎ ይነፍሳል። በረዶው ማላብ ጀመረ። ኪፕሪያን ሦስት ትንንሽ ዓሣ ይዟል፤ ለሦስት ድመት እንኳ አይበቃም። የኤቭላምፒያ ፊት መጣበት፤ ሊጡ ተቦክቶ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ሳልሜም መጣችበት፤ እሷን ግን ገፋ አደረጋት። ትንሽ ብቻ፣ አለ በልቡ። አንድ ግማሽ ሰዓት።

ያኔ ነፋሱ ቆመ።

ምን ያህል እንደቆመ አላወቀም። ሲመለስ ጀርባውን ነካው። እነሱ የተቀመጡት ፊታቸውን ወደ ማዶ፣ ጀርባቸውን ወደ መንደሩ አድርገው ነው። ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከምድሩ በኩል መጥቷል ማለት ነው። የምዕራብ ነፋስ በጸደይ ምን እንደሚያደርግ በእኛ ሰፈር የሦስት ዓመት ሕፃን ይነግራችኋል፤ በረዶውን እንዳለ ከዳር ነቅሎ ወደ ማዶ አገር ይገፋዋል።

በዚያችው ደቂቃ ደግሞ ዓሣው መጣ።

እንዴት ያለ አመጣጥ! መንጠቆው ሳይደርስ ይይዛል። አንዱን አውጥቶ ሳይጥል ሌላው። የእጅ ስፋት ያላቸው፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ክንፋቸው በግራጫው በረዶ ላይ እንደ ደም የሚታይ። ኤልማርም እያወጣ ነው፤ አይናገርም፣ ይስላል ብቻ። ኪፕሪያን በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ ብቻ አይቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ማታው ላይ ለቅሶ ነበር። ይህንንም አስታወሰ። እጁ ግን አላቆመም።

አስረኛውን ዓሣ ጥሎ መንጠቆውን ሲያወርድ ክሩን አየው። ክር በቀዳዳ ውስጥ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ይህ ግን አዘንብሏል። የላዩ ጫፍ እጁ ላይ ነው፤ የታችኛው ወደ ኋላው፣ ወደ መንደሩ ሄዷል። መንጠቆው ቤት ልሂድ እንደሚል ልጅ ወደ ኋላ ይጎትታል።

ኪፕሪያን ገባው። ወዲያው ነው የገባው፤ አልገባውም የሚል ካለ ይዋሻል። ክሩ አልሄደም፤ የሄዱት እነሱ ናቸው።

ያኔ መነሣት ነበረበት። «የታች ውሃ ነው» አለ ለራሱ፣ በልቡ። «ሁለት ሦስት ብቻ ልጨምር፤ ከዚያ እነሣለሁ።» ዓሣው ያዘ። አወጣ። ክሩ አሁን የቀዳዳዋን ጠርዝ እየነካ ነው። ሌላ ያዘ። ሳጥኑ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሌላ። ከቀዳዳዋ ውስጥ ውሃው ዝቅ ብሎ ከፍ አለ፤ እንደሚተነፍስ ሰው።

«ኪፕሪያን» አለ ኤልማር።

«ምነው?»

ኤልማር አየው። «ምንም» አለና መንጠቆውን አወረደ።

ከዚያ በኋላ ስንት እንዳወጣ አልቆጠረም። ሳጥኑ ሲሞላ ብድግ አለ። «እንሂድ!» ኤልማር ቃሉ ሳያልቅ ቆሞ ነበር፤ ዕቃውን ሁሉ ከመቼው እንደሰበሰበ እግዜር ይወቅ።

ሮጡ ለማለት ይከብዳል፤ ስልሳ ሰባት ዓመት የሆነው ሰውና ሳንባው የተጎዳ ሰው አይሮጡም። ኪፕሪያን የዓሣውን ሳጥን በጋሪው ላይ አድርጎ በገመድ ይጎትታል፤ ኤልማር ከኋላ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ይከተላል። ዳሩ ሲታያቸው ሳንቃዎቹም ታዩ። ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ሁለት የሞቱ ዓሦች። ጠዋት ሁለት ክንድ የነበረው ውሃ ሃያ እርምጃ ሆኗል። እያዩትም ይሰፋል። በመንደሩ ዳር ውሻው ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ይጮኻል።

«ማዶ አገር ስንደርስ ፓስፖርት ይጠይቁን ይሆን?» አለ ኤልማር። ሳቀና ሳሉ ቆረጠው።

«ዝም በል፣ ትንፋሽህን ቆጥብ።» ኪፕሪያን ዲጅኖውን አነሣ። እዚህ ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ እስከ ደረት ቢሆን ነው። ግን ውሃው ገና ከበረዶ የተላቀቀ ነው፤ ሳልሜ ደግሞ ደረቅ ብላዋለች። የበረዶውን ጠርዝ ዙሪያውን መታ፣ መታ፣ የጠረጴዛ ሁለት እጥፍ የሚያክል ቁራጭ አላቀቀ። አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሻገሩት፤ በረዶውን ጀልባ አድርገው።

«ውጣና ተኛ» አለው። ኤልማር በሆዱ ተኛ። ቁራጩ ትንሽ ዘቀጠ፤ ያዘ። ኪፕሪያን ዞሮ የዓሣውን ሳጥን አቅፎ መጣ።

«ተወው» አለ ኤልማር ቀና ሳይል።

«ቀላል ነው።»

«ኪፕሪያን፣ እግዜር ያሳይህ፣ ተወው!»

«የብሥራት ነው!» አለና ሳጥኑን መሐል ላይ አኖረው፤ ራሱም በጉልበቱ ወጣ። ዲጅኖውን ከታች እየወጋ ገፋ። አስር እርምጃ ሄዱ። አስራ አምስት። ዳሩ ላይ ያለው ደረቅ ሸምበቆ በግልጽ ይታያል። ውሻው ውሃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገብቶ ይጠብቃቸዋል።

ምንም ድምፅ አላሰማም። የበሰበሰ በረዶ ድምፅ የለውም። ከሳጥኑ ሥር እንደ ደረቀ ቂጣ ለሁለት ተከፈለ። ሳጥኑ ገባ፣ ኤልማር ገባ፣ ኪፕሪያንም ገባ። ኪፕሪያን ሲቆም ውሃው ደረቱ ላይ ነው፤ ኤልማር ግን አልቆመም። እጁን ሰደደ፣ ሹራብ አገኘ፣ ያንን ሁለተኛውን፣ ጎተተ። ኤልማር ወጣ። አፉ ተከፍቷል፣ አየር ግን አልገባም፤ ከዚያ ገባ፣ እንደ ዛፍ መሰንጠቅ ያለ ድምፅ አሰምቶ። ኪፕሪያን አንገትጌውን ይዞ እየጎተተ ወጣ። ዙሪያቸውን የሞቱ ዓሦች ቀይ ክንፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፋሉ።

ፔርሙዙ በኪፕሪያን ኮት ውስጥ ነበር። ዳር ላይ ቀዳና በራሱ በኪፕሪያን ጽዋ አጠጣው። ኤልማር ጥርሱ ጽዋው ላይ እየተንቀጫቀጨ፣ «ጽዋህ ረከሰብህ» አለ።

«ጠጣ ብዬሃለሁ!»

ጠጣ። ወደ ቤት ሲደግፈው፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ኪፕሪያን ጠየቀ፤ «ክሩን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ኤልማር ለትንፋሽ ቆመ። «ቀዳዳዋን የከፈትካት አንተ ነህ» አለ። በቁጣ አይደለም። ሰዓት ስንት ነው ሲባል እንደሚመልስ ሰው ነው የተናገረው። በቁጣ ቢናገር ኖሮ ለኪፕሪያን በቀለለው ነበር።

ሳልሜ በሩን ከፍታ አየቻቸው። ባሏን ተቀብላ አስገባችና በሩን ዘጋች።

በነጋታው ብሥራት ነበር። በጸሎት ቤቱ ማዕድ ላይ ኤቭላምፒያ ከሱቅ ያመጣችው ዓሣ ተቀመጠ፤ ቀድማ ገዝታ ነበር ለካ፣ ያቺ ሴት ኪፕሪያንን ከራሱ በላይ ታውቀዋለች። የእሱ ቦታ ባዶ ነበር። ሰዎች አፍሮ ነው አሉ። እኔ ግን አልኩ፤ ኪፕሪያን አያፍርም፣ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ እንዳልኩት ሆነ።

የኤልማርን በር አንኳኳ። ሳልሜ ከፈተች። ዓይኗ ሌሊቱን አልተከደነም። ከጓዳው ሳል ይሰማል፤ ረጅም፣ እርጥብ፣ ከታች የሚመጣ።

«ሐኪም መጣ?» አለ።

«መጣ። ሦስት ቀን እንይ አለ። ካለፈ አለፈ አለ።»

ኪፕሪያን ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ጨበጠ። ሰው ፊት ሲናገር ድምፁ እስከ ማዶ የሚደርስ ሰው፣ ያን ቀን ድምፁ በሩን እንኳ አላለፈም። «ሳልሜ፣ የምነግርሽ አለ። ክሩ ሲያዘነብል አይቻለሁ። ገና አስር ዓሣ ስይዝ... ገና መጀመሪያው ላይ። በረዶው እንደሄደ አውቄ ነው የተቀመጥኩት። ሳጥኑንም ተው ብሎኝ ነበር። አልተውኩም።»

«ለዓሣ» አለች ሳልሜ።

«ለዓሣ።»

«እኔ ደግሞ ሐይቁን ስረግም ነው ያደርኩት።» በሩን ልትዘጋ እጇን አነሣች፤ ከዚያ ተወችውና በአገጭዋ ወደ ጓሮ አመለከተችው። «ምድጃው መጥፋት የለበትም ብሏል ሐኪሙ። ግንዱ አልተፈለጠም። ፈላጩ ተኝቷል።»

በዓል ቀን ሥራ ክልክል ነው፤ ለእኛ የብሥራት ቀን ወፍ እንኳ ጎጆ አትሠራም ይባላል። ኪፕሪያን ኮቱን አውልቆ መጥረቢያውን አነሣ። ፈለጠ። መስኮቱ ከጀርባው ነው፤ በእያንዳንዱ ምት መካከል ሳሉን ይሰማል። ምት፣ ሳል። ምት፣ ሳል። ከሸምበቆው ወዲያ ሐይቁ ዳር ዳሩ ጥቁር ውሃ ሆኗል፤ ነጩ በረዶ ርቆ እንደ ክር ቀጥኗል።

አንድ ጊዜ መታና ሳሉ አልመጣም።

መጥረቢያውን ወደ ላይ እንዳነሣ ቆመ። አንገቱን አላዞረም፤ ጆሮውን ብቻ ወደ መስኮቱ አደረገ። ውስጥ የሳልሜ እርምጃ ተሰማ፤ ፈጠን ያለ፣ ከምድጃው ወደ ጓዳው፤ ከዚያ እሱም ቆመ።

ከዚያ ኤልማር ሳለ። አንዴ፣ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ እንደገና፣ ከበፊቱ ጠልቆ።

ኪፕሪያን መጥረቢያውን አወረደ፤ ግንዱ ለሁለት ተከፈለ። ጎንበስ ብሎ ሌላ ግንድ አቆመ።